ለጤናማ ወጥ የትኛውን ዕቃ ልግዛ? ከደሴና ከኮምቦልቻ ማድቤቶች ተደጋግመው የሚመጡ ጥያቄዎች

ቡና ላይ ጎረቤቶቼ የሚጠይቁኝን፣ ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ በስልክ የምትነዘንዘኝን፣ ሰኞ ገበያ ዕቃ ሳገላብጥ አጠገቤ የቆመ ሰው ጣል የሚያደርገውን ጥያቄ ሰብስቤ ነው የጻፍኩት። ዕቃ ነጋዴ አይደለሁም። ደሴ ላይ ብዙ ዓመት ወጥ የሠራሁ፣ ቁም ሳጥኔም በማልነካው ዕቃ የተሞላ ሴት ነኝ። የከሰርኩበትንም የጠቀመኝንም እነግራችኋለሁ።

አንድ ዕቃ ብቻ ልግዛ ብል የቱ ይሻላል?

ደሴ የምትኖሩ ከሆነ ፕሬዠር። አፉ ተቆልፎ በታመቀ እንፋሎት የሚያበስለውን ድስት ማለቴ ነው።

ምክንያቱ ከተማችን ናት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃም በደንብ ሳይሞቅ መፍላት ይጀምራል። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ያለ ሰው ውሃው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላለታል። እኛ ጋ በ92 ገደማ ይፈላል። ድስቱ ቢንተከተክ፣ እሳቱን ብታበረቱት ከዚያ አያልፍም። ትርፉ ውሃ ማትነንና ከሰል መጨረስ ነው። ሽምብራው ከጠዋት ተጥዶ ለምሳ አልደርስ የሚለው ለዚህ ነው።

ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይጠጋል። እዚያ ውሃ በ94 ገደማ ይፈላል። ሁለት ዲግሪ ምን ታመጣለች ትሉ ይሆናል። እኔና እህቴ ለዓመታት ተከራክረንበታል። አንድ ገበያ የገዛነው ቦሎቄ እሷ ቤት ቀድሞ ይበስላል። እሷ «ድስቴ ነው» ትላለች፤ እኔ ደግሞ «እሳት ስለምታበዢ ነው» እላታለሁ። ለካ ሁለታችንም ተሳስተናል፤ አገሩ ነው።

ይሄ ከጤና ጋር ምን አገናኘው? እህል አልበስል ሲል ሰው ወይ ሶዳ ይጨምርበታል፣ ወይ ጥራጥሬውን ትቶ ፓስታ ይቀቅላል። ሶዳ ቶሎ ማብሰሉ እውነት ነው። ግን በጥራጥሬው ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ቢ1 ያጠፋል፤ ሶዲየምም ይጨምራል፣ ያው ጨው የምንፈራበት ነገር ማለት ነው። ቀይ ቦሎቄ ደግሞ በደንብ ካልበሰለ ሆድ የሚያውክ ተፈጥሯዊ መርዝ አለው። በፕሬዠር ግን ሌሊቱን የተዘፈዘፈ ሽምብራ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ቅቤ ይሆናል። ቀላል የሆነ ነገር ይደጋገማል። እኔ ቤት ሽምብራ በሳምንት ሁለቴ መበላት የጀመረው ፕሬዠር ከገባ ወዲህ ነው።

መመሪያው 20 ደቂቃ ይላል፤ እኔ ግን 20 ደቂቃ ጥጄው ጥሬ ሆነብኝ። ዕቃው ተበላሽቶ ነው?

አብሽሪ፣ ዕቃው ደኅና ነው። የመመሪያውን ደቂቃ የጻፉት ቆላ ላይ ላለ ሰው ነው። የተለመደው ፕሬዠር በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ውስጡ 121 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ደሴ ላይ ውጭ ያለው አየር ስለሚሳሳ 116 ወይም 117 ላይ ይቆማል። ስለዚህ በተጻፈው ደቂቃ ላይ ሲሶውን ጨምሩ። ሃያ ካለ 26 ወይም 27 አድርጉት። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ከሩብ ያነሰ ጭማሪ ይበቃል። ደቂቃው የሚቆጠረው ፉጨቱ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ከተጣደበት ሰዓት አይደለም።

ፕሬዠር ይፈነዳል ይላሉ። እፈራዋለሁ።

መፍራቱ አይከፋም። እኛ ቤት አንድ ቀን የአተር ክክ ጣሪያ ላይ ተለጥፏል። ጥፋቱ የኛ ነበር። እኔ እስከ አንገቱ ሞላሁት፣ ወንድሜ ደግሞ እንፋሎቱ ሳይወጣ ክዳኑን በጉልበት አዞረው። ማንም አልተቃጠለም፤ አልሐምዱሊላህ። ክኩን ከኮርኒሱ ላይ ስንፍቅ ግን አመሸን።

ከዚያ ወዲህ የማልጥሳቸው ነገሮች አሉ። ጥራጥሬ ከሆነ ድስቱን ከግማሽ በላይ አልሞላም፤ ክክና ምስር አረፋ ስለሚያወጡ ቀዳዳውን ይደፍኑታል። ከመጣዴ በፊት የክዳኑን ቀዳዳ ወደ ብርሃን ይዤ አያለሁ፤ ወዲያ ማዶ ካልታየኝ በስፒል እጠርገዋለሁ። ዙሪያውን ያለው ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ እቀይረዋለሁ። እሳቱን ካጠፋሁ በኋላ ግፊቱ በራሱ እስኪወርድ እጠብቃለሁ። ክዳኑ እምቢ ካለ ልክ ነው፤ «ገና ነኝ» እያለ ነው።

ስትገዙ መለዋወጫ ጎማውን አብራችሁ ግዙ። በኋላ በልኩ የሚሆን ፍለጋ ፒያሳን ከላይ እስከ ታች ትዞራላችሁ።

ያን ያህል ሲሞቅ ቫይታሚኑን አያጠፋውም?

በአብዛኛው አያጠፋም። ቫይታሚንን የሚጎዳው ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ የሚቆይበት ሰዓትና የሚደፋው ውሃም ነው። ፕሬዠር ሰዓቱን ያሳጥራል፣ ውሃም ብዙ አይፈልግም። የቀረውን ውሃ ሾርባ አድርጉት።

ወጤ ዘይት ይበዛበታል። ዘይት የሚቀንስ ድስት አለ?

አለ። ቂጡ ወፍራም የሆነ ድስት ነው። በቃ።

የኛ ወጥ ዘይት የሚጠጣው ቁሌት ላይ ነው። ድስቱ ስስ ከሆነ ሽንኩርቱ ገና ውሃውን ሳያወጣ ይይዛል። ሲይዝብን ደንግጠን ዘይት እንጨምራለን። እንደገና ይይዛል፤ እንደገና እንጨምራለን። ወፍራም ድስት ሙቀቱን እኩል ያከፋፍላል፣ ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ ይበስላል። እናቶቻችን ሽንኩርት በደረቁ ያቁላሉ የነበረው ዘይት ጠልተው እንዳይመስላችሁ። ዘይት ውድ ነበር፤ ድስታቸውም ለዚህ ይመች ነበር።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ሽንኩርቱን በደቃቁ ከትፌ በመጠነኛ እሳት ላይ በደረቁ እጥደዋለሁ። ክዳን አደርግበታለሁ። ሊይዝ ሲል በሾርባ ማንኪያ ውሃ ጠብ አደርጋለሁ፤ ዘይት አይደለም፣ ውሃ። ሽንኩርቱ ሟምቶ ወርቅ ሲመስል ዘይቱ ይገባል፤ በርበሬው ይከተላል። ጣዕሙ አይጎድልም። ባለቤቴ ሦስት ወር ሙሉ አላወቀብኝም፤ ስነግረው ነው ማጉረምረም የጀመረው።

ከድስቱ ጋር አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይቱ አጠገብ አስቀምጡ። ከጀሪካን ቀጥታ መገልበጥ ነው ጉዱን የሚያመጣው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ገደማ ነው፤ 120 ካሎሪ ያህል አለው። አንድ ቀን «ትንሽ» ብዬ የማፈሰውን መጀመሪያ ሲኒ ላይ አፍስሼ ሰፈርኩት። ዘጠኝ ማንኪያ! አሁን ለአምስት ሰው ወጥ ሦስት ወይም አራት ማንኪያ ይበቃኛል። ከገዛሁት ሁሉ ርካሹና ብዙ የለወጠኝ ዕቃ ያ ማንኪያ ነው።

ሸክላ ድስት፣ ብረት ድስት ወይስ አሉሚኒየም?

ለየራሳቸው ሥራ አላቸው።

ሸክላ ለሽሮና ለምስር ወደር የለውም። ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ከእሳት ከወረደም በኋላ እየተንተከተከ ይቆያል። ደሴ ብርድ ላይ ደግሞ ወጡ ገበታ ላይ አይቀዘቅዝም። የኛ ሸክላ በቀለም ብርጭቆ የተለበጠ አይደለም፣ ስለዚህ ሌላ አገር በተለበጡ ሸክላዎች ላይ የሚነሳው የእርሳስ ሥጋት ብዙም አይመለከተውም። ሳይሟሽ ግን እንዳትጠቀሙበት። በደንብ ያልተሟሸ ድስት ወጥ ይጠጣል፣ ሽታም ይይዛል። በሳሙና አትዘፍዝፉት፤ ሳሙናውንም ይጠጣዋል።

ከብረት ስል እውነተኛውን ብረት ነው፤ ያን ጥቁሩን፣ ከባዱን፣ ካልደረቀ የሚዝገውን። ብረት ድስት ወደ ምግቡ ትንሽ ብረት ይለቃል፤ በተለይ ቲማቲም ወይም ሌላ የሚጎመዝዝ ነገር ሲበስልበት። ደም ማነስ ላለበት ቤት ይህ ጥቅም ነው። እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በሕፃናት ላይ የተሠራ ጥናት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሟል። በብረት ድስት የበሰለ የበሉት ልጆች በአሉሚኒየም ድስት ከበሰለላቸው ይልቅ የደም ማነሳቸው ቀንሷል። ደም ማነስ አለባችሁ ከተባላችሁ ሐኪም የሰጣችሁን መድኃኒት ድስት አይተካውም፤ ይደግፈዋል እንጂ።

አሉሚኒየም ቀላልና ርካሽ ነው፤ ሁላችንም ቤት አለ። የፋብሪካው ለሩዝ፣ ለመኮሮኒ፣ ለውሃ ምንም አይልም። ቲማቲም ወይም ሎሚ ያለበትን ምግብ ግን ውስጡ አታሳድሩ። እኔ የማልገዛው ከቁርጥራጭና ከአሮጌ ሞተር ዕቃ ቀልጦ የሚፈሰሰውን ነው። በተለያዩ የአፍሪካና የእስያ አገሮች እንዲህ ያሉ ድስቶች ሲመረመሩ እርሳስ ተገኝቶባቸዋል። እርሳስ ደግሞ የልጅ አእምሮ ይጎዳል፣ በዓይንም አይታይም።

የማይዘው መጥበሻ ካንሰር ያመጣል የሚባለው እውነት ነው?

ወሬው ከእውነቱ ይበልጣል። ሥጋቱ የመጣው ቀድሞ ሲሠራ ይጨመርበት ከነበረ ኬሚካል ነው፤ ትልልቆቹ አምራቾች እሱን ትተዋል። ዛሬ የሚያሳስበው ባዶውን እሳት ላይ መርሳት ነው። ከ260 ዲግሪ በላይ ሲግል ልባሱ መፈራረስ ይጀምራል፣ ጭሱም ለሳንባ አይሆንም። ስለዚህ ባዶ አይጣድ፣ እሳቱ መካከለኛ ይሁን፣ ማማሰያው እንጨት ይሁን። ልባሱ ከተላጠ ዕድሜው አልቋል። ለእንቁላልና ለሐይቅ ዓሣ ይመቸኛል፤ በአንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይጠበሳል። ለቁሌት አልጠቀምበትም።

ኤር ፍራየር ልግዛ? ሁሉም እያወራው ነው።

በሚነፍስ ሙቅ አየር የሚጠብሰው የመብራት ዕቃ ነው። የረመዳን ጥያቄ ነው ይሄ። ሳምቡሳ በየቀኑ ለሚጠብስ ቤት ትርጉም አለው። ሳምቡሳውን በብሩሽ ዘይት ቀባ አድርጋችሁ ስትከቱት ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ዘይት ውስጥ ከሚዋኘው ጋር ሲነጻጸር የሚጠጣው ዘይት በጣም ያነሰ ነው። ጎረቤቴ አላት፤ ከመግሪብ በፊት ሁለት ዙር እሷ ቤት እናስገባለን። እኔ በጾም ወቅት እሷን የምጋብዘው ሽሮ ነው፤ እኩል ነን።

የኔ አስተያየት ግን ይኸው። ዕቃው ትንሽ ነው፣ ለብዙ ቤተሰብ ዙር ይበዛል። መብራት ሲጠፋ ሣጥን ነው። ለዋጋው ወፍራም ድስትና ፕሬዠር አይበልጡበትም ወይ? ሁለቱ ካሏችሁና ገንዘብ ከተረፈ ግዙት።

ቢላ ምን ልዩነት ያመጣል?

ከሚታሰበው በላይ። ጎመን መክተፍ የሚሰለቸው ቢላው ስለደነዘዘ ነው። ከሰለቻችሁ ደግሞ ጎመን አትሠሩም፤ ሂሳቡ ይኼው ነው። ውድ ቢላ አያስፈልግም። መካከለኛ ቢላ ግዙ፣ ሞረድ ወይም መሳያ ድንጋይ አጠገቡ ይኑር፣ በሳምንት አንዴ ሳሉት። ደነዝ ቢላ ይንሸራተታል፤ እጅ የሚቆርጠው እሱ ነው።

መክተፊያ ግን ሁለት ይሁን። አንዱ ለጥሬ ሥጋና ለዶሮ፣ አንዱ ለሰላጣና ለዳቦ። ዶሮ የተበለተበት ላይ ቲማቲም መክተፍ ሆድ ያስይዛል። እኔ የሥጋውን ጫፉን በእሳት አጥቁሬ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ልጆቹም አይሳሳቱም።

ጎመንና ካሮት በእንፋሎት ማብሰያ ያስፈልጋቸዋል?

የተለየ ዕቃ አያስፈልግም። የብረት ወንፊት ድስት ላይ ጣል አድርጉና ክዳን ግጠሙበት። ከሥሩ ሁለት ጣት ውሃ። ጎመንን በብዙ ውሃ ቀቅሎ ጨምቆ መድፋት ቫይታሚን ሲውን አብሮ መድፋት ነው። መቀቀሉ ካልቀረ ግን ውሃው ለሾርባ ይሁን።

ብሌንደር ጤናማ ያደርጋል?

በምትከቱት ይወሰናል። አቮካዶ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር ከጨመራችሁ ዕቃው ጥፋት የለበትም።

እኔ የምወደው ለነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ነው። የሦስት አራት ቀን ፈጭቼ በትንሽ ዘይት ፍሪጅ ውስጥ አኖራለሁ፤ ቅመም የሞላው ወጥ ጨው ብዙ አይጠይቅም። የተቀቀለ ድንችና ካሮት ፈጭቶ ለሕፃን ወይም ለታመመ ሰው ሾርባ ማድረግም ይቻላል። ደረቅ በርበሬ ግን አትሞክሩ። ሁለት ሞተር አቃጥያለሁ፤ ለሱ ወፍጮ ቤት አለ። ትንሽ ኮረሪማ ከሆነ ደግሞ ሙቀጫና ዘነዘና ማን ከለከላችሁ?

የጨው ዕቃም ጤና ላይ ለውጥ አለው?

አለው። የምንገዛው ጨው አዮዲን አለው። አዮዲን እንቅርትን ይከላከላል፤ በኛ ደጋ አገር ደግሞ እንቅርት እንግዳ አይደለም። ግን አዮዲን ብርሃን፣ እርጥበትና ሙቀት አይወድም። ላስቲኩ ተቀዶ ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ ጨው አዮዲኑ እያለቀ ይሄዳል። ክዳን ያለውና ብርሃን የማያስገባ ዕቃ ውስጥ አድርጉት፤ ከእሳት ራቅ ይበል። ወጥ ላይም መጨረሻ ላይ ጨምሩት።

መጠኑን ካነሳን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ማለት ነው፤ ያውም ከዳቦው፣ ከሽሮው፣ ከበርበሬው ጋር ተደምሮ። በእጅ መዝገን ትታችሁ በማንኪያ ብትሰፍሩ ራሳችሁ ትደነግጣላችሁ።

መብራት ሲጠፋ ከሰል ነው ያለኝ። ምን ልጠንቀቅ?

ይሄን አጥብቄ ነው የምናገረው። ደሴ ብርድ ስለሆነ ወጡን ሠርተን ማንደጃውን ለሙቀት ብለን መኝታ ክፍል እናስገባለን። አታድርጉት። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ጭሱ ጠፍቶ ከሰሉ ፍም ሲሆን ደኅና የሚመስለው ያሳስታል። ስታበስሉ መስኮትና በር ክፈቱ፤ ስትጨርሱ ማንደጃው ውጭ ይደር።

ከዕቃው በኩል ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ ከተለመደው የቆርቆሮ ማንደጃ ያነሰ ከሰል ይበላል። እንጀራ በእንጨት ለሚጋግር ደግሞ ምርጥ የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርዳል። ማገዶ ሲያንስ ጭሱም ያንሳል፤ ዓይናችሁ ያውቀዋል።

ድስቴ አሮብኛል። እንዴት ላጽዳው?

የብረት መፈግፈጊያውን ቶሎ አታንሱ። ያን ከጥራጥሬው ያስጣልኳችሁን ሶዳ አምጡት፤ ቦታው እዚህ ነው። ያረረውን እስኪሸፍን ውሃ አድርጉ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶዳ ጨምሩና አሥር ደቂቃ አፍሉት። አሳድሩት። ጠዋት በእንጨት ማማሰያ ሲነካ ይላቀቃል። ይህ ለማይዝጉ የብረት ድስቶች ነው። አሉሚኒየምን ሶዳ ያጠቁረዋል፤ ለሱ የተጨመቀ ሎሚ ልጣጭ በውሃ አፍሉበት፣ ይነጣል። ሸክላ ከሆነ ሙቅ ውሃ ብቻ አሳድሩበትና በደረቅ ገለባ እሹት።